ስለ ዛንዚባር ስትጽፉ ምግቡንም አትርሱት

ለዝግጅት ክፍሉ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ስለ ዛንዚባር ሲወራ ሁሌ ነጭ አሸዋና ሪዞርት ብቻ ነው የሚነሳው፣ እኔ ግን ከሪዞርቱ ሳይወጣ የተመለሰ ሰው ምኑን አየው እላለሁ። ስቶን ታውን በሚሉት አሮጌው ከተማ ባህሩ ዳር ፎሮዳኒ የሚባል መናፈሻ አለ፣ ሲመሻሽ ሻጮቹ ጠረጴዛ ዘርግተው ከሰል ያቀጣጥሉና ዓሣው፣ ኦክቶፐሱ፣ የስጋ ጥብሱ በእንጨት ተሰክቶ ይደረደራል፣ ጎን ለጎን ደሞ ሸንኮራ በማሽን እየጨመቁ ዝንጅብልና ሎሚ ጨምረው ይሰጡሃል፣ በዛ ሙቀት እንዴት እንደሚያረካ! ከሁሉም ግን ኡሮጆ የሚሉት ሾርባ ነው ልቤን የወሰደው፣ እርድ ያለበት ቢጫ፣ በማንጎና በሎሚ ኮምጠጥ ያለ፣ ውስጡ ድንችና ባጂያ የሚሉት የጥራጥሬ ሊጥ ጥብስ፣ ላዩ ላይ የካሳቫ ጥብስ፣ የሚያቃጥል ዳጣ ወዳጅ ከሆንክ እሱንም ጠይቅ ይጨምሩልሃል።

ሽማግሌዎቹ በየቤቱ ደጃፍ ባለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ ቁጭ ብለው በትንሽ ሲኒ ቡና እየጠጡ ያወጋሉ፣ እኛ አገር ያለሁ ነው የመሰለኝ። በምስራቁ ዳርቻ በነጃምቢያኒ በኩል ደሞ ባህሩ ሲሸሽ ሴቶቹ ገብተው የባህር አረም ያለማሉ፣ ከባድ ስራ ነው በጣም ነው የማከብራቸው። እባካችሁ በጉዞ አምዳችሁ ይሄንንም ጻፉልን፣ ከአዲስ አበባ እኮ ቀጥታ በረራ አለ።