አስታችን ከሥሩ እንዲያቆጠቁጥ፦ ለደባርቅና ለአካባቢው ተወላጆችና ወዳጆች የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

በቅርብም በሩቅም ያላችሁ የአገራችን ልጆች፣

ከመንደራችን በላይ፣ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ወሰን አጠገብ የሚገኘው የጋራ ተዳፋታችን አስታ የተባለውን የተራራ ዛፍ መልሶ እንዲለብስ የጀመርነውን ሥራ እንድትደግፉልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

አብዛኞቻችን አስታን የምናውቀው በማገዶነቱ ነው፤ እርጥቡ ሳይቀር ይነድዳል፣ ፍሙም ብርቱ ነው። ይሁንና ከዚህ ተራራ በቀር በዓለም ላይ ሌላ ቤት የሌለው ዋልያ ቅጠል የሚቀነጥበውና ከሰው ዓይን የሚሸሸገው በዚሁ ዛፍ ውስጥ ነው፤ ድኩላም የሚውለው እዚያው ነው፤ ጥቃቅን ነጫጭ አበባዎቹ ሲፈኩ ደግሞ ንቦቻችን ይቀስሙታል። በጉም ማለዳ ከአስታ ሥር የቆመ ሰው ዝናብ ሳይዘንብ ትከሻው ይረጥባል፤ መርፌ የመሳሰሉት ቅጠሎችና ከቅርንጫፉ እንደ ሽማግሌ ጢም የተንጠለጠለው የዛፍ ሽበት ጉሙን እየያዙ ጠብ ጠብ ያደርጉታልና። ጥቂት ርምጃ ራቅ ብሎ ዛፍ በሌለበት ግን አፈሩ ደረቅ ነው።

ለከብቶቻችንም ቢሆን በበጋ ሣሩ ሲያልቅ የአስታ ለጋ ቀንበጥ መጠባበቂያ ነው፤ ያረጀውን ግን ፍየል እንኳ አይደፍረውም። ችግራችን የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አስታ ቢቆረጥም ቢቃጠልም ከመሬት በታች ያለው ጉቶው በሕይወት እስካለ ድረስ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ነገር ግን ያ ቡቃያ ለከብት የሚጣፍጥ በመሆኑ በየዓመቱ እየተጋጠ ጉልበቱ ያልቃል። በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ከእስራኤል ሳይቀር የእሳት አደጋ ሠራተኞች የመጡለትን የፓርኩን ሰደድ እሳት ሁላችንም እናስታውሳለን፤ የእኛን ተዳፋት ያራቆተው ግን እሳት ሳይሆን የራሳችን መጥረቢያ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ የችግኝ መግዣ አይደለም፤ ችግኝ ይዞ ፎቶ መነሣት ደስ ቢልም፣ ሥሩ አሁንም መሬት ውስጥ አለ። የሚያስፈልገው ዕረፍት ነው። መንደሩ ተዳፋቱን ለአምስት ዓመት ከግጦሽና ከቆረጣ ሊከለክለው ተስማምቷል፤ በውስጡ የሚያድገውን ሣር እያንዳንዱ አባወራ በተራው አጭዶ ይወስዳል። የጎደለን የአራት ጠባቂዎች ደመወዝና ማገዶ የሚቆጥብ ምድጃ መግዣ ነው። ከሁለቱ ምድጃው ይቀድማል ብለን እናምናለን፤ እንጀራ የምትጋግር እናት ሌላ ማገዶ ሳታገኝ ጠባቂ ብናቆምባት ጥሉ ከጎረቤት ጋር ይሆናልና።

መዋጮው በሦስት ፈራሚዎች በሚንቀሳቀሰው የኮሚቴው የጋራ ሒሳብ ይገባል፤ ወጪውም በየሩብ ዓመቱ በመንደሩ ስብሰባ ላይ ይነበባል። የክረምቱ ቡቃያ ሳይጋጥ ጠባቂዎቹን ለማሰማራት እንድንችል ድጋፋችሁ እስከ ግንቦት መጨረሻ እንዲደርሰን እንለምናለን።

የኮሚቴው አባላት