መሬቱን ከመናቃችሁ በፊት ቆፍሩት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ደለል (ከአሸዋ የደቀቀ፣ ከሸክላ የሻከረ የአፈር ቅንጣት) የበዛበትን፣ ውሃው ቶሎ የማይጠፍፍለትን የእርሻ መሬት ብዙ ሰው «የማይረባ» ብሎ ሲያልፈው ያናድደኛል። የአፈር ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ ቆፍሮ ማየት ነው።

እስቲ እስከ ጉልበት ድረስ ቆፍሩ። ላይኛው አፈር ደርቆ ሲታሽ እንደ ዱቄት ይልማል፤ አብዛኛው ደለል ነውና። ዝቅ ሲባል ግን ግራጫና የዝገት ቀለም የተቀላቀለበት ዝንጉርጉር አፈር ይመጣል። እዚህ ጋ ቆም በሉ። አፈሩ በውሃ ሲሞላ አየር ያጣል፣ በውስጡ ያለው ብረትም ይሟሟል። ውሃው ሲሸሽ ብረቱ መልሶ ይዝጋል። በደረቅ ወቅት ብትሄዱ ጠብታ ውሃ ላታዩ ትችላላችሁ። ቀለሙ ግን ውሃው እስከ የት ከፍ እንደሚል ይነግራችኋል።

ይህ አፈር ሰብል የሚጠጣውን ውሃ በመያዝ አሸዋማውንም ሸክላማውንም ይበልጣል። ችግሩ ጊዜው ላይ ነው። እርጥብ ሳለ ትራክተር ከገባበት ይጠቀጠቃል፤ ሥር አያሳልፍም። ኃይለኛ ዝናብ ሲመታው ላዩ ቅርፊት ይሠራና ቡቃያው መውጣት ያቅተዋል። ተዳፋት ላይ ከሆነ ደግሞ በቀላሉ ይታጠባል። ውሃ ሲተኛበት ከማዳበሪያው ናይትሮጅን ከፊሉ ጋዝ ሆኖ ያመልጣል። ገንዘብ ነው አየር ላይ የሚበተነው!

እባካችሁ፣ የግብርና አምዳችሁ ስለ ማዳበሪያ የሚጽፈውን ያህል ስለ ውሃ ማጠንፈፊያ ቦይና ከፍ ተደርጎ ስለሚሠራ የመዝሪያ መደብም ይጻፍ። ገበሬውም ከማረሱ በፊት ማረሻው ከሚደርስበት ጥልቀት አንድ እፍኝ አፈር አንስቶ ይጨብጥ። ተድቦልቡሎ በጣት ሲነካ ካልተፈረፈረ ገና ነው፤ ጥቂት ቀን ይታገሥ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የአፈር ባለሙያ