አለርጂ አምጪው ፕሮቲን ይለይ

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

ዕፅዋት በሚያብቡበት ወቅት ዓይናቸው እያለቀሰ፣ አፍንጫቸውም እየታፈነ የሚሠቃዩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚነገራቸው «የአበባ ብናኝ አለርጂ» የሚል ጥቅል ቃል ብቻ መሆኑ በእጅጉ ያሳስበኛል። ሕመሙን የሚቀሰቅሱት በብናኙ ውስጥ የሚገኙ የተወሰኑ ፕሮቲኖች ናቸው።

ከእነዚህ አንዱ የሆነው ፕሮፊሊን በዝምድና በተራራቁ በርካታ ዕፅዋት ውስጥ በተቀራራቢ ቅርጽ ስለሚገኝ፣ ሰውነቱ ለእርሱ ፀረ እንግዳ አካል ያመረተ ሰው በቆዳ ምርመራ ለሣሩም፣ ለዛፉም፣ ለአረሙም አለርጂ ያለበት መስሎ ሊታይ ይችላል። በአንጻሩ ቤት ቪ 1 የተባለውን የበርች ዛፍ ፕሮቲን የሚለይ ፀረ እንግዳ አካል በደም ውስጥ ከተገኘ፣ የችግሩ ምንጭ በርች ወይም የቅርብ ዘመዶቹ መሆናቸውን ይጠቁማል፤ አንዳንድ ታማሚዎች ጥሬ ፖም ሲበሉ አፋቸውን የሚያሳክካቸው ለምን እንደሆነም ያስረዳል፤ የፖም ተመሳሳይ ፕሮቲን ከእርሱ ጋር ይቀራረባልና።

እንግሊዛዊው ሐኪም ሊዮናርድ ኑን፣ ሰውነት ብናኙን ቀስ በቀስ እንዲለምድ ከሣር ብናኝ የተዘጋጀ ፈሳሽን በመርፌ የመስጠት ሙከራውን ያሳተመው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1911 ነው። ዛሬም ይህ ሕክምና በአብዛኛው 3 ዓመት ያህል ስለሚወስድ፣ ታማሚው ለማይመለከተው ብናኝ ይህን ሁሉ ጊዜ መርፌ እንዲወጋ ማድረግ ተገቢ ነው ብዬ አላምንም። ስለዚህ የቆዳ ምርመራው ለብዙ ዕፅዋት አዎንታዊ ውጤት ሲያሳይ፣ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ፕሮቲኖቹን የሚለየው የደም ምርመራ እንዲታከል፣ አለርጂ አምጪ ፕሮቲኖቻቸው ገና ያልተጠኑ ዕፅዋትም የተመራማሪዎችን ትኩረት እንዲያገኙ አጥብቄ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢ