ስለ ልጆቼ ቀለብ አብራችሁኝ ለተጨነቃችሁ ሁሉ

ከሁሉ አስቀድሞ እግዚአብሔር የተመሰገነ ይሁን። የታሰርኩበትንም ሆነ በአመክሮ የተፈታሁበትን ሁኔታ አብዛኛዎቻችሁ ስለምታውቁት አልደግመውም። ይህን መልእክት የምጽፈው ከተፈታሁ በኋላ ስለገጠመኝና ከእስሩ ባልተናነሰ ስላስጨነቀኝ የልጆቼ ቀለብ፣ ማለትም ለልጆቼ ማሳደጊያ በየወሩ እንድከፍል ፍርድ ቤት ስለወሰነብኝ ገንዘብ ነው። ውዝፉን በየወሩ ከፋፍዬ እንድከፍል ከልጆቼ እናት ጋር የደረስንበት ስምምነት በፍርድ ቤት ስለጸደቀልን፣ ለዚህ ያበቁኝን ሰዎች ሳላመሰግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

የመጀመሪያው ምስጋናዬ ለጋሼ ነው። ስማቸውን እንዳልጠራ አጥብቀው ስላስጠነቀቁኝ በዚሁ አልፈዋለሁ፤ የሰፈራችን ሰው ማንን ማለቴ እንደሆነ አያጣውም። በተፈታሁ ሰሞን ሰው ሁሉ «እንኳን ለቤትህ አበቃህ» ሲለኝ፣ ጋሼ ግን ገና ቡናው ሳይፈላ «የልጆቹ ቀለብ ስንት ደረሰ?» ብለው ጠየቁኝ። ብዙ ታራሚ ሰው ሲታሰር ቀለቡም አብሮ የሚቆም ይመስለዋል፤ ነገር ግን ፍርድ ቤት የወሰነው ቀለብ ራሱ ፍርድ ቤቱ ካልለወጠው በስተቀር ከፋዩ እስር ቤትም ቢሆን በየወሩ መቆጠሩን ይቀጥላል። የእኔም የተወሰነው የወር ደመወዝ በነበረኝ ጊዜ ስለነበር፣ ስወጣ የጠበቀኝ ዕዳ በእጄ ከነበረው ገንዘብ ጋር ፈጽሞ የሚገናኝ አልነበረም። በዚያ ላይ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ያለ በቂ ምክንያት ቀለብ የማይከፍልን ሰው በእስራት ጭምር የሚቀጣ በመሆኑ፣ በአመክሮ ለወጣ ሰው ነገሩ እንቅልፍ የሚነሳ ነው።

ጋሼ ገንዘብ አውጥተው አልሰጡኝም፤ ይህንንም ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው ከሁሉ የበለጠ ውለታቸው ይመስለኛል። ይልቁንም ሥራ ሲያፈላልጉልኝ ከረሙ። የወንጀል ሪከርድ ያለበትን ሰው ደፍሮ የሚቀጥር ብዙ አይደለም፤ የሚቀጥር ቢገኝም የሚጠይቀው ተያዥ ነው። በማረሚያ ቤት የተማርኩትን የእንጨት ሥራ አይቶ ሊቀጥረኝ የፈቀደ አንድ ባለወርክሾፕ ባገኘን ጊዜ፣ ጋሼ የጡረታ ደብተራቸውን ይዘው ሊፈርሙልኝ ሄዱ። ተያዥ ጡረተኛ አይሆንም፣ ደመወዝተኛ መሆን አለበት ተባሉ። በዕድሜያቸውና በክብራቸው ለአንድ እስረኛ ተለማምጠው እንዲህ ሲመለሱ ሳይ እኔ አፈርኩ እንጂ እርሳቸው አላፈሩም። በማግስቱ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነውን የወንድማቸውን ልጅ ይዘው መጡ፤ እርሱም ከመሥሪያ ቤቱ የደመወዝ ማረጋገጫ አጽፎ፣ በቅጡ ለማያውቀኝ ሰው ፈረመልኝ። ወንድሜ፣ ያን ወረቀት ስትፈርም እጅህ አለማመንታቱን አልረሳውም።

የጋሼ ባለቤት እትዬ ይህን ሳያዩ አለፉ። እስር ቤት ሳለሁ ስንቅ ቋጥረው ሲመጡ ከእንጀራው በላይ ስለ ልጆቼ የሚነግሩኝ ወሬ ነበር የሚያጠግበኝ፤ ማን ጥርሱ እንደተነቀለ፣ ማን በትምህርቱ እንደበረታ። ነፍሳቸውን በአጸደ ገነት ያኑርልን። ከዚህ በላይ ስለ እርሳቸው መጻፍ ስለማልችል ወደ ነገሬ እመለሳለሁ።

ሥራ ከያዝኩ በኋላ ጋሼ የመጀመሪያውን ደመወዜን ልብስ ሳልገዛበት፣ ቤት ኪራይም ሳልከፍልበት በቀጥታ ወደ ባንክ ወሰዱኝ፤ የወሩ ቀለብ በልጆቼ እናት ሒሳብ ሲገባም ደረሰኙን ተቀብለው በመነጽራቸው ያዩት ጀመር። ከዚያ ወዲህ በየወሩ ደረሰኙን ሳላሳያቸው አላልፍም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የቀለቡ ልክ የተቀባዩን ችግርና የሰጪውን አቅም ተመልክቶ እንዲወሰን፣ ሁኔታው ሲለወጥም እንዲሻሻል የሚፈቅድ መሆኑን ያስረዱን በነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ የሕግ ተማሪዎችና መምህራቸው ናቸው። ማመልከቻውን ጽፈው፣ ቃለ መሐላውን አዘጋጅተው፣ በቀጠሮው ቀን ከእኔ ቀድመው ችሎት በር ላይ ለተገኙት ለእነዚህ ወጣቶች ምስጋናዬ ከልብ ነው።

ለልጆቼ እናት የምለው ጥቂት ነው፤ በአደባባይ ብዙ መባልን እንደማትወድ አውቃለሁ። ዕዳውን ማረችው እያሉ የሚያወሩ አሉ፤ አልማረችውም። «ገንዘቡ የልጆቹ ነው፣ እኔ ምን አግብቶኝ እምረዋለሁ?» ነው ያለችው። ነገር ግን ውዝፉ እንዲከፋፈልልኝ ስትስማማ፣ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ብቻዋን የተሸከመችውን እያወቀች ነው። ለዚህ ከምስጋና ሌላ ቃል የለኝም።

የእድራችን አባላት መዋጮ ባልከፈልኩበት ዘመን ስሜን ከመዝገብ ስላልሰረዛችሁ፣ የወርክሾፑ ባልደረቦቼ «ከየት መጣህ» ሳትሉ መላጊያና ኮላ ስላቀበላችሁኝ፣ አብረን የታሰርን ወንድሞቼም ወጥታችሁ ስለጠየቃችሁኝ አመሰግናለሁ። ስማችሁን ያልጠቀስኳችሁ ብዙዎች ናችሁ፤ ስለተረሳችሁ ሳይሆን ብዕሬ ከእነ ጋሼ ደጅ አልላቀቅ ብሎኝ ነውና ይቅርታ አድርጉልኝ።

በመጨረሻም ገንዘብ ያበደራችሁኝ ወዳጆቼ፣ ወረፋችሁ ከልጆቼ በኋላ እንደሆነ ስነግራችሁ ሳትቀየሙ «ይሁን» ስላላችሁኝ ባለውለታዎቼ ናችሁ። የልጆቹ የትምህርት ቤት ምዝገባ እንዳለቀ፣ ከጥቅምት ደመወዜ ጀምሮ የእናንተን በየተራ መክፈል እጀምራለሁ።