የሎተሪው መዝጊያ ሰዓት በአማርኛ ይለጠፍልን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ሎስ አንጀለስ ውስጥ አንዲት ትንሽ ሱቅ ካሸር ነኝ። ባለፈው ቅዳሜ ማታ አንድ አባት 2 ዶላራቸውን ጨብጠው እየሮጡ ገቡ። ሰዓቱ በእዚህ አገር አቆጣጠር 7፡04 ነበር። ፓወርቦል የሚባለው ሎተሪ ዕጣ የሚወጣው 7፡59 ላይ ስለሆነ ገና ጊዜ ያላቸው መስሏቸዋል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ግን የዕለቱ ሽያጭ ልክ 7፡00 ላይ ይዘጋል። ማሽኑ ከዚያ በኋላም ትኬት ያትማል፤ የሚታተመው ቀን ግን የቀጣዩ ዕጣ፣ የሰኞ ነው።

«ልጄ፣ አራት ደቂቃ ምን አላት?» አሉኝ። አንጀቴን በሉት። ምን ላድርግ፣ በእኔ እጅ አይደለም።

ሌላው ሎተሪ ሜጋ ሚሊየንስ ደግሞ ማክሰኞና ዓርብ 7፡45 ላይ ይዘጋል። ይሄ ልዩነት ራሱ ሰው ያምታታል። በዚያ ላይ «ሰባት ሰዓት» ሲባል የቀኑን የሚያስቡ ትልልቅ ሰዎች አሉን።

ሱቅ ያላችሁ ወገኖች፣ እባካችሁ «ፓወርቦል ከምሽቱ 1 ሰዓት ይዘጋል» ብላችሁ በአማርኛ ጻፉና ለጥፉ። እኔ እሑድ ጠዋት ካውንተሩ ላይ ለጥፌያለሁ። በሌላ ስቴት ያላችሁ የራሳችሁን ሰዓት ጠይቁ፤ ይለያያል። ትኬቱ ላይ የታተመውን ቀንም ከሱቁ ሳትወጡ እዩት።

አንዲት ካሸር፣ ከሎስ አንጀለስ