ለሚሚ፣ ቦሎኛ ከመሄድሽ በፊት

ሚሚዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ጾሙ ከገባ ጀምሮ በሽሮ ብቻ ሦስት ዓይነት ወጥ እየሠራች ነው።

በቴሌግራም የላክሻቸውን 22 ሥዕሎች አየኋቸው። መጀመሪያ በስልኬ፣ ቀጥሎ በወንድምሽ ላፕቶፕ፣ መነጽሬን አድርጌ። «አባዬ፣ ጣልያን አገር ቦሎኛ፣ የልጆች መጻሕፍት ዐውደ ርዕይ ላይ ለአሳታሚዎች የማሳየው ፖርትፎሊዮ ውስጥ የትኞቹን ላስገባ?» ብለሽ የለ? በድምፅ ልመልስልሽ ጀምሬ ሦስቴ አጠፋሁት። ብጽፈው ይሻላል።

ከከባዱ ልጀምር። ሦስት ሳምንት የፈጀብሽን የሽማግሌውን ፊት ተይው። እንዳትቆጪኝ። ቆንጆ ነው፤ ላኪልኝና ሳሎን እሰቅለዋለሁ። ቦሎኛ የሚጠብቁሽ ሰዎች ግን የልጆች መጽሐፍ ነው የሚሠሩት።

የበሬውን ነገር ነግሬሽ አውቃለሁ? በ1985 ዓ.ም. ገደማ ነው። አንድ ሥጋ ቤት ሰሌዳ አዘዘኝ። ያኔ የባነር ማተሚያ እንጀራችንን አልወሰደብንም ነበር፤ ሱቁ ሁሉ በብሩሽ ነው የሚጻፍለት። እኔም ችሎታዬን ላሳይ ብዬ ቄራ ድረስ ሄጄ በሬ አይቼ መጣሁ። የጎድኑ ጥላ፣ የአንገቱ እጥፋት፣ አንድም አልቀረኝ። ባለቤቱ ዝም ብሎ ሲያየው ቆየና «እጅህ ይባረክ። ግን በሬው ከስቷል። ይሄን ያየ ሰው ገብቶ ቁርጥ ያዛል?» አለኝ። ሁለት ቀን አኮረፍኩ። በሦስተኛው ቀን ሻኛውን ከፍ አደረግሁ፣ ጎድኑን በቀለም ሸፈንኩ፣ ሒሳቤን ተቀበልኩ። ሰውየው የእኔን ሙያ መች አየና! የእሑዱን ገበያ ነበር የሚያስበው።

አሳታሚዎቹም እንደዚያ ይመስሉኛል። የሥዕል መጽሐፍ ብዙውን ጊዜ 32 ገጽ ነው። «ይቺ ልጅ አንድ አያትና አንድ ጅብ ብንሰጣት እስከ መጨረሻው ይዛቸው ትዘልቃለች?» ነው ጥያቄያቸው። አያቲቱ ስትቀመጥም፣ ስትሮጥም፣ ከጀርባ ስትታይም ያቺው አያት መሆን አለባት። ትንሽ ሆነሽ ቸርችል ጎዳና አንድ የስጦታ ዕቃ ሱቅ ውስጥ የንግሥተ ሳባን ታሪክ ያሳየሁሽ ትዝ ይልሻል? 44 ሣጥን ያለው ሸራ። ጣትሽን ከሣጥን ወደ ሣጥን እያዘዋወርሽ «ይቺም እሷ ናት፣ ይቺም እሷ ናት» ስትዪ ባለሱቁ «ኧረ እንዳትነኪው!» አለሽ። እነዚያ ሰዎችም ያንቺን ሥዕል እንደዚያ በጣታቸው መከተል ይፈልጋሉ። ስለዚህ የአያቲቱንና የጅቡን ሰባት ሥዕሎች አንድም ሳትቀንሺ በተራቸው አስገቢ። ከሌላው አምስት ይበቃል። ፈረሷ ያለችበትን አውጪው፤ የኋላ እግሯ የሌላ እንስሳ ነው። አንቺም ታውቂዋለሽ።

ጅቡ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ። አስተማሪሽ «ለምን ሁልጊዜ በጎን ብቻ?» ማለቱን ነግረሽኛል። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደጋጎቹ ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉዎቹ በጎን በአንድ ዓይን እንደሚሳሉ አንቺ ከእኔ ሰምተሻል፤ እሱ ከየት ይስማ? ያ ጅብ ስድስት ሥዕል ሙሉ በአንድ ዓይኑ ሲያሾልቅ ቆይቶ፣ ሰባተኛው ላይ አያቲቱ ቂጣ ስትቆርስለት ዞሮ በሁለት ዓይኑ አየኝ። ብቻዬን ሳቅሁ። እናትሽ «ምን ሆንክ?» ብላ ከጓዳ ወጣች። እሷም አየችው፣ እሷም ሳቀች። እዚያ ስትደርሺ እንዳታብራሪ። ገጹን ገልጠሽ ዝም በይ። ከጠየቁሽ ያኔ ትነግሪያቸዋለሽ።

«ይሄኛው ገና ነው፣ ስቸኩል የሠራሁት ነው» የምትዪውንም ነገር ተይ። እኔ አንድ ሆቴል ናሙና ይዤ ሄጄ አንዷን ሰሌዳ «ይቅርታ፣ ይቺ ብዙም አይደለች» አልኩ። ባለቤቱ ሌሎቹን ዞር ብሎም አላያቸው፤ እሷን ብቻ ሲያገላብጥ ቆይቶ ሸኘኝ።

የቀረው ጥቃቅን ነው። ሠዓሊዎች ካርዳቸውን የሚለጥፉበት ግድግዳ ጋ በጠዋት ድረሺ፣ ኋላ ቦታ አይገኝም። ኦሪጅናሉን ለማንም ትተሽ እንዳትወጪ። «በኢሜይል ላኪልን» ካሉሽ ማን እንዳለሽና የትኛውን ሥዕል እንዳነሳ እዚያው ማስታወሻሽ ላይ ጻፊ፣ ማታ ይምታታብሻል። ሥዕል ለማሳየት የሚቆመው ሰልፍ ሰዓታት ይፈጃል ብለሻል፤ ጾም ነው ብለሽ በባዶ ሆድሽ እንዳትቆሚ። እናትሽ ይሄን አስምርበት ብላኛለች።

ስትጨርሺ ደውዪ፣ ሌሊትም ቢሆን።

ሳልረሳው፣ ያ የበሬው ሰሌዳ እስካሁን አለ። ባለፈው ሳምንት በዚያ ሳልፍ ቆም ብዬ አየሁት። ከላይ የቀባሁት ቀለም ለቆ ጎድኑ ተመልሶ ወጥቷል። ሥጋ ቤቱ እንደሆነ ጾሙ ሲፈታ ሰው አያጣም።

አባትሽ