ተበድረህ አትጠብቅ

ደብረ ማርቆስ፣ ጥር 25 ቀን

ለምወድህ ልጄ፤

እንደምን ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። የእናትህ የደም ግፊት ረግቷል፤ የጥምቀት ዕለትም ታቦቱ እስኪገባ ድረስ ከሰው ጋር ቆማ ዋለች። የምጽፍልህን በስልክ ልነግርህ እችል ነበር፤ ሆኖም በስልክ ሲሆን አንተ ወሬ ታስለውጠኛለህ፣ እኔም ዋናውን ሳልናገር እዘጋዋለሁ። ስለዚህ በወረቀት ጽፌ እህትህ ፎቶ አንሥታ እንድትልክልህ ነግሬያታለሁ። ከሥራ ገብተህ ራትህን ከበላህ በኋላ ተቀምጠህ አንብበው።

ባለፈው ሰንበት የአክስትህ ልጅ ደውሎልኝ ነበር። በክፋት አልነገረኝም፤ ጨንቆት ነው፤ አንተም እንዳትቀየመው። ማሪሊየኖች፣ ያ የምትወደው የእንግሊዝ የሮክ ባንድ፣ በሆላንድ ባሕር ዳር፣ ፖርት ዜላንድ በሚባለው ስፍራ፣ ከአድናቂዎቻቸው ጋር ለሚያሳልፉት የሦስት ቀን ዝግጅት ቲኬቱንም አውሮፕላኑንም በክሬዲት ካርድ ከፍለሃል አለኝ። አዲሱ አልበማቸው ሲወጣ ውዱን እትም እገዛበታለሁ ብለህ ደግሞ ከሁለተኛ ካርድ ገንዘብ አንሥተህ አስቀምጠሃል፤ የዚህን ወር የቤት ኪራይ ድርሻህንም እርሱ ሸፍኖልሃል። ሌሊትም የአልበሙ ቀን ተቆረጠ አልተቆረጠ እያልህ ስልክህን ስትነካካ ታድራለህ። ልጄ፣ መጠበቁን አልከለክልህም። ተበድረህ ግን አትጠብቅ።

ይህን የምልህ ነገሩን ንቄው እንዳይመስልህ። የዛሬ ሁለት ዓመት በክረምት መጥተህ በረንዳው ላይ ተቀምጠን፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጡትን አልበም ሙሉውን ያሰማኸኝን አልረሳሁትም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፁን ከፍ አደረግኸው። የመጨረሻው ዘፈን ብቻውን አሥራ አምስት ደቂቃ ይፈጃል፤ እኔ ግን መርዘሙ አልታወቀኝም። ስለ ሕመምና ስለ ሞት ጀምሮ ሕሙማንን የሚያስታምሙ ሰዎችን በማመስገን እንደሚያልቅ፣ ቃሉን እየተረጎምህ ስትነግረኝ፣ እናትህ ሆስፒታል በተኛችበት ጊዜ ከአልጋዋ አጠገብ ቆመው ያደሩት ነርሶች ትዝ አሉኝና ተነሥቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ሰልችቶት ነው ብለህ አስበህ ይሆናል። አልሰለቸኝም ነበር።

የነገርኸኝንም ሁሉ ይዤዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1979 በእንግሊዝ አገር በአይልስበሪ ሲጀምሩ የነበረው ጊታሪስቱ ስቲቭ ሮዘሪ ዛሬም አለ። ፊሽ የሚሉት ዝነኛ ድምፃዊ በ1988 ሲለያቸው በዓመቱ ስቲቭ ሆጋርት ተተካ፤ ከዚያ ወዲህ አምስቱ ሰዎች አልተለዋወጡም። አምስት ሰው ይህን ያህል ዘመን ሳይለያይ አብሮ መሥራቱ በየትኛውም ሙያ የሚያስከብር ነው። አልበሙ የሚዘገየውም በስንፍና አይደለም፤ በራሳቸው ስቱዲዮ ለረጅም ጊዜ አብረው እየተጫወቱ የመጣላቸውን ሁሉ ይቀዳሉ፣ ከዚያም ማይክ ሀንተር ከሚባለው ፕሮዲውሰራቸው ጋር ሆነው ከተቀዳው ክምር ፍሬውን ይለቅማሉ ብለኸኛል። ያን ጊዜ የቅኔ ቤቱ ነገራ ነው ትዝ ያለኝ። ተማሪው ሲቆጥር የዋለውን ቅኔ ለየኔታ ይነግራል፤ የኔታም አብዛኛውን ጥለው ጥቂቱን ያቃናሉ። የተቸኮለበት ቅኔ ገና ከአፍ ሲወጣ ይታወቃል፤ የሚያስጠብቁህ ሰዎችም ይህን የሚያውቁ ይመስለኛል።

አድናቂዎቹም ቢሆኑ ያስደንቁኛል። እ.ኤ.አ. በ1997 ባንዱ ወደ አሜሪካ ለመሻገር ገንዘብ አጣሁ ቢል ወደ 60,000 ዶላር አዋጥተው ወሰዱት፤ በ2001 ደግሞ ገና ላልተቀዳ አልበም ከ12,000 የሚበልጡ ሰዎች ዋጋውን አስቀድመው ከፈሉ። ይህን ለጎረቤታችን ስነግረው ሞኝነት ነው አለኝ፤ እኔ ግን አልመሰለኝም። እኛስ ዕቁብ የምንጥለው ሰው አምነን አይደለምን? ነገር ግን ዕቁብ ከኪስ ይጣላል እንጂ ከአራጣ አበዳሪ ተወስዶ አይጣልም። አንተ ያወጣኸው የባንክ ገንዘብ ነው፤ ባንኩም አልበሙ ቢዘገይ ወለዱን አያዘገይልህም። ተበድረህ አትጠብቅ ያልሁህ ስለዚህ ነው።

አሁን የምልህን ሳትውል ሳታድር አድርግ። ከሁለተኛው ካርድ ያነሣኸውን ገንዘብ ነገውኑ መልስ፤ ሥራ ሳይሠራ ተቀምጦ ወለድ እያስቆጠረህ ነው። ካርዱንም በመቀስ ቁረጠው። ለአክስትህ ልጅ ኪራዩን ሳይጠይቅህ ስጠው። ከዚያ በኋላ ከየወሩ ደመወዝህ ለአልበሙ ጥቂት ጥቂት አስቀምጥ። ጓሮ ያለውን ባሕር ዛፍ ሽጬ ዕዳህን ልከፍልልህ አስቤ ነበር፤ እናትህ ከለከለችኝ፤ ልክ ናት። ዕዳህን ራስህ ትከፍላለህ።

ቡፌው ላይ ያለውን ቴፕ ታውቀዋለህ፤ በሰባት ዓመትህ ፈትተህ ብሎኖቹን በሲኒ ያስቀመጥኸው እርሱ ነው። ከአጠገቡ በላስቲክ ተጠቅልሎ ያለውን ካሴት በመንካትህ የገረፍሁህንም አትረሳውም። ለባዶ ካሴት ለምን ተገረፍሁ ብለህ እናትህን ጠይቀሃት ነበር፤ እርሷም አታውቅም ነበር። ለማንም አልነገርሁም።

መምህር ከመሆኔ በፊት ደበሎ ለብሼ፣ አኮፋዳ ይዤ፣ ቁራሽ እየለመንሁ ሦስት ዓመት ቅኔ ቤት እንደ ነበርሁ ሰምተሃል። የኔታ ዋሸራ የተማሩ ሰው ነበሩ። ያለፈው በዓል ቅኔ ለዘንድሮው በዓል አይቀርብም፤ ሁልጊዜ አዲስ መሆን አለበት። አንተም ያለፉትን አልበሞች በቃልህ እያወቅህ አዲሱን መናፈቅህ ለዚህ ነው የማይገርመኝ። በ1974 ዓ.ም. ቢቸና አካባቢ ማስተማር እንደ ጀመርሁ አንድ መንገደኛ መጣና የየኔታ ጉልበት እየደከመ እንደ ሆነ፣ ለኅዳር ጽዮን የሚያቀርቡት መወድስ የተባለው ቅኔ ምናልባት የመጨረሻቸው እንደሚሆን ነገረኝ። መጥቶ ይስማኝ ብለዋል አለኝ።

መስማት ብቻ አልበቃኝም። ድምፃቸውን ልይዘው ፈለግሁና ቴፑን የገዛሁበትን ገንዘብ ከአንድ የእህል ነጋዴ ተበደርሁ። ደመወዜ ስላልደረሰ ማታ ማታና በበዓላት ሒሳቡን እየጻፍሁለት እንድከፍለው ተስማማን። ኅዳር ደግሞ አዲሱ እህል መግባት የሚጀምርበት ወር ነው። ሦስት ቀን ሲቀረው ልሂድ ብለው ዕዳህን ጨርሰህ ሂድ አለኝ። በእርሱ አልፈርድም፤ የፈረምሁት እኔ ነበርሁ። የጽዮን ዕለት የኔታ መወድሳቸውን ሲያቀርቡ እኔ መጋዘን ውስጥ ጆንያ እየቆጠርሁ ነበር፤ አዲሱ ቴፕም ከነካርቶኑ አልጋዬ ሥር ተቀምጦ ነበር። በየካቲት ዕዳዬን ጨርሼ ሁለት ቀን ተጉዤ ስደርስ የኔታ ከተቀበሩ ዘጠኝ ቀን ሆኗቸው ነበር። ከተማሪዎቹ አንዱ የመወድሱን የመጀመሪያ ቤት ነገረኝ፤ የቀረውን አልያዘውም ነበር። የሚያውቀው ሌላ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

የአክስትህ ልጅ፣ አንተ ቅዳሜና እሑድም ትርፍ ሰዓት መሥራት ጀምረሃል ሲለኝ ሌሊቱን እንቅልፍ የነሣኝ ይህ ነው። ዕዳው እያደገ ከሄደ ሰዎቹ መድረክ ላይ ሲወጡ አንተ እንደ እኔ ለሌላ ሰው ስትቆጥር ትውላለህ። ሆላንድ ልሂድ ወይስ ልቅር ብለህ ብትጠይቀኝ እንኳ መልሱ ይጨንቀኛል። የሚያስጠነቅቅህ አባትህ ቅር ይልሃል፤ ያንን መወድስ ያልሰማው ሰውዬ ደግሞ ሂድ፣ ሰዎቹ ሳያልፉ ስማቸው ይልሃል። አርባ ዓመት አልፎኝም ሁለቱን ማስታረቅ አልቻልሁም። ቲኬቱ የማይመለስ ከሆነ ሂድ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ለሸሚዝም፣ ለሥዕልም፣ ለምንም ነገር ካርድ እንዳታወጣ። ስንቅህን ከቤት ይዘህ ሂድ። ወፍራም ልብስ ያዝ፤ ባሕር ዳር ነው ብለኸኛል። ልጄ፣ ደግሜ እልሃለሁ፤ ተበድረህ አትጠብቅ።

እናትህ በርበሬውን አዘጋጅታልሃለች፤ ለፋሲካ የሚመለስ ሰው ከተገኘ እንልክልሃለን። የእህትህን የልጇን ክርስትና እንዳትረሳ፤ ስልክ ብቻ ይበቃል፣ ገንዘብ አትላክ።

አልበሙ የወጣ ዕለት ብቻህን አትስማው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደውልልኝ፤ ድምፁን ከፍ አድርገህ ከመጀመሪያው ጀምርልኝና ቃሉን እንደዚያን ጊዜ እየተረጎምህ ንገረኝ። ቴፑን ለእህትህ አስሞክሬዋለሁ፤ ባትሪ ስትቀይርለት ዞረ። ካሴቱን ከላስቲኩ አውጥቼ አስገባዋለሁ፤ ስልኩንም ከአጠገቡ አስቀምጠዋለሁ። ኪራዩን ግን ከዚያ በፊት ክፈል።

አባትህ